የሚለካው መሣሪያም ይለካ

ኖኣ ሊዮታ የ24 ዓመት ወጣት ፖሊስ ነበር። የሜሪላንድ ግዛት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ፖሊስ ባልደረባ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2015 በበዓል ሰሞን ጠጥተው የሚነዱ ሰዎችን ለመያዝ ከተሰማሩት አንዱ ነበር። ሮክቪል ፓይክ በሚባለው ጎዳና ላይ አንድ መኪና አስቁሞ ሳለ ጠጥቶ የሚነዳ ሌላ ሰው ገጨው። ከሳምንት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። በገጨው ሾፌር ደም ውስጥ የተገኘው አልኮል ሕጉ ካስቀመጠው ጣሪያ ከእጥፍ በላይ ነበር። ሰውየው ከዚያ በፊትም በዚሁ ጥፋት ፖሊስ እጅ ገብቶ ያውቃል። በመጨረሻ አሥር ዓመት ተፈረደበት።

በዓመቱ፣ በኦክቶበር 2016፣ በሟቹ ስም የተሰየመ ሕግ በሜሪላንድ ሥራ ላይ ዋለ። ጠጥቶ በመንዳት የተፈረደበት ሰው መኪናው ላይ የትንፋሽ መሣሪያ እንዲያስገጥም ተገደደ። ሾፌሩ እፍ ብሎ ከአልኮል ነፃ መሆኑን ካላሳየ ሞተሩ አይነሳም። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለሐበሻ እንግዳ ቦታ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኘው እዚያው ነው፤ የአማርኛ ጽሑፍ በበራቸው ላይ የሰቀሉ ሱቆችና ምግብ ቤቶች፣ የሰርግ አዳራሾች፣ ታክሲና ኡበር ሲነዱ ውለው የሚገናኙ ወንድሞችና እህቶች ያሉበት ሰፈር ነው። ያ ፖሊስ ሕይወቱን የሰጠባቸው መንገዶች የእነርሱም መንገዶች ናቸው።

ጠጥቶ ስለ መንዳትና ስለ ፖሊስ አያያዝ ሲወራ ግን ሰው ወዲያው በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንደኛው ወገን «ሰክሮ የነዳ ምን መብት አለው?» ይላል። ሌላው ደግሞ መብት ማወቅን ከቅጣት ማምለጫ ዘዴ አድርጎ ያየዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የአሜሪካ የአርባ ዓመት ልምድ እንደሚያሳየው ሰካራም ሾፌርን ከመንገድ ማንሳትና የተያዘን ሰው መብት ማክበር አንድ ሥራ ነው። አንዱ ሲጓደል ሌላውም ይወድቃል።

ትግሉ የተጀመረው በእናቶች ነው። በ1980 በካሊፎርኒያ የ13 ዓመት ልጃቸውን ያጡት ካንዲ ላይትነር፣ ልጃቸውን የገደለው ሰው በሌላ ተመሳሳይ ክስ በዋስ ከተለቀቀ ገና ቀናት መሆኑን ሲሰሙ፣ ጠጥቶ መንዳትን የሚቃወም የእናቶች ማኅበር መሠረቱ። በዚያን ዘመን ጠጥቶ መንዳት እንደ ነውር እንጂ እንደ ከባድ ወንጀል አይቆጠርም ነበር። በ1982 በአልኮል ምክንያት በአሜሪካ መንገዶች ላይ የሞቱት ከ21 ሺሕ በላይ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሕጉ ጠበቀ፤ በ2000 የፌዴራሉ መንግሥት 0.08 በመቶን የደም አልኮል ጣሪያ ያላደረገ ግዛት የመንገድ በጀት እንደሚቀነስበት ደነገገ፤ በ2004 ሁሉም ግዛቶች ተቀብለውት ነበር። ዩታ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ጣሪያውን ወደ 0.05 አውርዳለች። በ2023 የሞቱት ቁጥር 12,429 ነበር። ይህም በየ42 ደቂቃው አንድ ሰው ማለት ነው። ቁጥሩ በ40 በመቶ ገደማ መቀነሱ ትልቅ ድል ነው፤ የቀረው ግን አሁንም እጅግ ብዙ ነው።

ስለዚህ ፖሊስ ሰፊ ሥልጣን ማግኘቱ አይገርምም። በ1990 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሚቺጋን የመጣ አንድ ጉዳይ መረመረ። ፖሊስ በሳጊናው ካውንቲ ኬላ አቁሞ በአንድ ሰዓት ከሩብ ውስጥ 126 መኪናዎችን አስቁሞ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ የታሰሩት ሁለት ሾፌሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ መኪና የቆየው በአማካይ 25 ሰከንድ ነው። ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ኬላው ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን የሚቺጋን የራሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት ጠቅሶ እንዲህ ዓይነቱን ኬላ ከለከለ። በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉት ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ኬላ የሚፈቅዱ ናቸው። በበዓላት ሰሞን ሌሊት ላይ የሚብለጨለጨው ሰማያዊ መብራት የሚታየውም ለዚህ ነው።

ከኬላ ውጪ ፖሊስ መኪና ለማስቆም ምክንያት ያስፈልገዋል፤ መስመር መርገጥ ወይም የጠፋ የኋላ መብራት ግን ይበቃዋል። ሾፌሩ መንጃ ፈቃዱንና የመኪናውን ወረቀቶች ማሳየት አለበት። «ውረድ» ሲባልም መውረድ አለበት፤ ይህ ከ1977 ጀምሮ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የጸና ነው። «ከየት ነው የምትመጣው? ስንት ጠጣህ?» ለሚሉት ጥያቄዎች ግን መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ብዙ ሰው በፊልም ላይ ያየውን «ዝም የማለት መብት አለህ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ እስኪሰማ ይጠብቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1984 እንደወሰነው፣ ለተራ የመንገድ ዳር ጥያቄ ያ ማስጠንቀቂያ መነበብ የለበትም። ማስጠንቀቂያው ግዴታ የሚሆነው ሰው ተይዞ ሲመረመር ነው። ስለዚህ «ሁለት ቢራ ብቻ ነው» የሚለው መልስ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ቀጥሎ የሚመጣው የመንገድ ዳር የስካር ፈተና ነው። በመላ አገሪቱ ተቀባይነት ያላቸው ሦስት ናቸው። በመጀመሪያው ፖሊሱ እስክሪብቶ በዓይን ፊት ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሰ የዓይን ብሌን ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ያያል። በሁለተኛው ሾፌሩ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው እግር ጣት እያገናኘ በቀጥታ መስመር ዘጠኝ እርምጃ ይሄዳል፤ እግሩን መስመሩ ላይ እንደተከለ በትንንሽ እርምጃ ይዞራል፤ ዘጠኝ ቆጥሮ ይመለሳል። በሦስተኛው አንድ እግሩን ከመሬት ወደ 15 ሳንቲ ሜትር አንሥቶ እንዲያቆም እስኪባል ድምፁን አውጥቶ ይቆጥራል፤ ይህም 30 ሰከንድ ይወስዳል። ሲሄድ ከስምንት ምልክቶች ሁለቱ ከታዩበት ወደቀ ማለት ነው። መመሪያ እየተነገረው ሚዛኑን መሳት አንድ ምልክት ነው፤ ሳይታዘዝ መጀመር ሌላ ምልክት ነው። እርምጃ ተሳስቶ መቁጠርም ምልክት ነው።

ይህን ፈተና ቀን ሙሉ ትራክ ሲነዳ የዋለ፣ ወገቡን የሚያመው የ58 ዓመት አባወራ በሌሊት፣ በብርድ፣ ዳገታማ መንገድ ዳር ላይ፣ መብራት ዓይኑ ላይ እየበራ ሲወስድ ማሰብ ይቻላል። ፈተናውን ያዘጋጀው የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንኳ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑ፣ ክብደታቸው የበዛ፣ የጀርባ፣ የእግር ወይም የውስጥ ጆሮ ችግር ያለባቸው ሰዎች ሳይጠጡም ሊቸገሩ እንደሚችሉ ለፖሊሶች በሚሰጠው ሥልጠና ያስተምራል። መመሪያው ደግሞ በእንግሊዝኛ፣ በፍጥነትና በቅደም ተከተል ነው የሚነገረው። በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ ለሚመልስ ሰው «ሳይታዘዝ ጀመረ» መባል ቀላል ነው። በቨርጂኒያም ሆነ በሜሪላንድ እነዚህን የአካል ፈተናዎች አልወስድም ማለት በራሱ ወንጀል አይደለም።

ያልጠጣ ሰውም በጥያቄ ሊደናገር እንደሚችል በ1990 ከፔንሲልቬንያ የመጣ አንድ ጉዳይ ያስታውሳል። ፖሊስ ጣቢያ የተወሰደ አንድ ሾፌር «ስድስተኛ የልደት በዓልህ የዋለበት ቀን መቼ ነበር?» ተብሎ ተጠየቀ። አላውቀውም አለ። ዐቃቤ ሕግ ያንን እንደ ስካር ማስረጃ አቀረበው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ጥያቄው ከሰውየው አእምሮ ውስጥ ቃል የሚያወጣ ስለሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊጠየቅ አይገባም ብሎ ጣለው። የተወለደበትን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያውቅና የፈረንጁን ከፓስፖርቱ ላይ ብቻ የሸመደደ ሰው ለዚህ ጥያቄ ምን እንደሚመልስ መገመት አያስቸግርም፤ አንድም ጠብታ ሳይቀምስ ይደናገራል።

ቋንቋ በሕጉ ውስጥም ቦታ አግኝቷል። በ2010 የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ እንግሊዝኛ ለማይሰማ የስፓኒሽ ተናጋሪ የትንፋሽ ምርመራ እምቢ ማለት የሚያስከትለውን ቅጣት በእንግሊዝኛ ማንበብ ማሳወቅ አይባልም ሲል ወሰነ። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሥሪያ ቤቶቿ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች በቋንቋቸው እንዲያገለግሉ አድርጋለች፤ አማርኛም ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ነው። አልገባኝም ማለት አያሳፍርም። አስተርጓሚ መጠየቅም እንደ እምቢተኝነት ሊቆጠር አይገባም።

ከዚያ ወደ ትንፋሽ መለኪያው መሣሪያ ይደረሳል። መሣሪያው ሁለት ዓይነት መሆኑን አለማወቅ ብዙ ሰው ዋጋ አስከፍሏል። አንደኛው ፖሊሱ መንገድ ላይ የሚያወጣው በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ነው። በቨርጂኒያ ሾፌሩ ይህን እምቢ ማለት ይችላል፤ ውጤቱም በችሎት እንደ ጥፋት ማስረጃ አይቀርብም። ሁለተኛው ከተያዘ በኋላ ጣቢያ ውስጥ የሚነፋበት ትልቁ ማሽን ነው። መኪና የሚነዳ ሰው መንገድ ላይ በመውጣቱ ብቻ ለዚህኛው ፈቃዱን እንደሰጠ ይቆጠራል። እምቢ ካለ በቨርጂኒያ የመጀመሪያው እምቢታ ብቻውን የአንድ ዓመት የመንጃ ፈቃድ እገዳ ያስከትላል፤ በሜሪላንድ 270 ቀን። ደም መቅዳት ግን ሌላ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2016 እንዳለው፣ ፖሊስ የያዘውን ሰው ትንፋሽ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊለካ ይችላል፤ መርፌ ለመውጋት ግን በመደበኛው ሁኔታ የዳኛ ትእዛዝ ያስፈልገዋል።

ማሽኑ ደምን በቀጥታ አያይም። ከሳንባ የወጣውን ትንፋሽ ለክቶ፣ የደም አልኮል ከትንፋሽ አልኮል 2,100 ጊዜ ይበልጣል በሚል ስሌት ያባዛዋል። አፍ ውስጥ የቀረ አልኮል ቁጥሩን ሊያሳብጥ ስለሚችል ሰውየው ከመንፋቱ በፊት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ዓይን ሳይነቀል መጠበቅ አለበት፤ ካገሳ ወይም ካስመለሰ ሰዓቱ እንደገና ይጀመራል። ማሽኑ ራሱ ደግሞ በየጊዜው መጠኑ በታወቀ አልኮል ይፈተሻል። እህል ሲያስመዝን የሚዛኑ ቀስት ዜሮ ላይ መሆኑን ሳያይ ከረጢቱን የሚያስቀምጥ ደንበኛ የለም። ነፃነቱን፣ ሥራውንና ስሙን የሚያስመዝን ሰው ከዚያ ያነሰ ሊጠይቅ አይገባም።

የዋሽንግተን ዲሲ ታሪክ ይህን ያስረዳል። በ2010 የከተማዋ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት አንድ አስደንጋጭ ነገር አመነ። ፖሊስ የሚጠቀምባቸው አሥሩም የትንፋሽ ማሽኖች በትክክል አልተስተካከሉም ነበር፤ የአልኮሉን መጠን ከእውነተኛው 20 በመቶ ገደማ አብልጠው ያሳዩ ነበር። ከ2008 መጸው ጀምሮ በእነዚያ ማሽኖች ውጤት ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች ተፈርዶባቸዋል። ግማሾቹ እስር ቤት ገብተዋል። ከእነርሱ መካከል በእርግጥም ሰክረው የነዱ እንደነበሩ አያጠራጥርም። ነገር ግን ማን ሰክሮ እንደነበረና ማን እንዳልነበረ በዚያ ቁጥር መለየት አልተቻለም። ጉዳቱ ይህ ነው። ስህተቱ ንጹሑን አሰረ፤ የጥፋተኛውንም ፍርድ አበላሸ።

በኒው ጀርሲ የሆነው ከዚህ ይብሳል። እዚያ ማሽኑ የሚፈተሸው አልኮል ያለበት ፈሳሽ ወደ 34 ዲግሪ ሴልሺየስ ሞቆ ነው፤ ሙቀቱ ከተዛባ ልኬቱም ይዛባል። በአምስት ካውንቲዎች ማሽኖችን የማስተካከል ኃላፊነት የነበረው አንድ የግዛቲቱ ፖሊስ ሳጅን ሙቀቱን ደረጃውን በጠበቀ ልዩ ቴርሞሜትር ማረጋገጥ ሲገባው ይህን እየዘለለ አረጋግጫለሁ ብሎ ወረቀቱን ይፈርም ነበር ተብሎ ተከሰሰ። የሚዘለው እርምጃ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ነው። በ2018 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በእነዚያ ማሽኖች የተገኙ ውጤቶች ማስረጃ ሊሆኑ አይችሉም አለ። የተነኩት ውጤቶች ከ20 ሺሕ በላይ ነበሩ።

ማሳቹሴትስ ደግሞ ስህተቱን ብቻ ሳይሆን መደበቁንም ጨመረች። የትንፋሽ ማሽኖችን የሚቆጣጠረው የግዛቲቱ ቢሮ ማሽኖች ፍተሻ የወደቁባቸውን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰነዶች ከተከላካይ ጠበቆች አስቀርቶ ተገኘ። በኤፕሪል 2023 የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከጁን 2011 እስከ ኤፕሪል 2019 የተወሰዱ የትንፋሽ ውጤቶች ማስረጃ መሆን እንደማይችሉ ወሰነ። ወደ 27 ሺሕ የሚጠጉ ሰዎች ጉዳያቸው እንደገና እንዲታይ የመጠየቅ በር ተከፈተላቸው።

አንዳንዴ ችግሩ ማሽኑ ሳይሆን የፖሊሱ ዓይን ነው። በቴነሲ የግዛቲቱ የምርመራ ቢሮ ላቦራቶሪ መዝገብ እንዳሳየው፣ ከ2017 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት ጠጥተው ወይም አደንዛዥ ዕፅ ወስደው ነድተዋል ተብለው ከተያዙት መካከል ከ600 በላይ የሚሆኑት ደማቸው ሲመረመር አልኮልም ሌላም ነገር አልተገኘበትም። የደም ውጤት ሳምንታትና ወራት ይወስዳል። እስከዚያ ሰውየው ታስሮ በዋስ ወጥቷል፤ መኪናው ተጎትቶ ከፍሏል፤ ጠበቃ ይዟል፤ ፎቶው ወጥቷል፤ ሥራ ቦታው ሰምቷል። ነፃ ነህ የሚለው ወረቀት ሲደርስ የከፈለውን የሚመልስለት የለም።

ከሁሉም በላይ ልብ የሚያደማው የአልበከርኪ ጉዳይ ነው። ኒው ሜክሲኮ ጠጥቶ በመንዳት ችግር ለረጅም ዘመን የተቸገረች ግዛት ናት። በጃንዋሪ 2024 ኤፍቢአይ የአንድ ጠበቃን ቢሮና በከተማዋ ፖሊስ ውስጥ ጠጥተው የሚነዱትን እንዲይዝ የተቋቋመው ክፍል ባልደረቦች የነበሩ ፖሊሶችን ቤቶች ፈተሸ። ዘዴው ይህ ነበር፤ ፖሊሶቹ ሾፌር ይይዛሉ፤ ሾፌሩ ወደዚያ ጠበቃ ይመራል፤ ገንዘብ ይከፈላል፤ ፖሊሱ በቀጠሮው ቀን ችሎት ይቀራል፤ ምስክር ስለሌለ መዝገቡ ይዘጋል። ጠበቃው በ2025 ጥፋቱን ሲያምን ሥራው ሠላሳ ዓመት ገደማ የቆየ እንደነበር ተገለጸ። የፖሊሶቹ ቃል ስለማይታመን ዐቃቤ ሕግ ወደ 200 የሚጠጉ መዝገቦችን ዘጋ። እንግዲህ በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት ገንዘብ ከፍሎ ወደ መንገድ የተመለሰው ሰካራም ምን ያህል እንደሆነ ማን ይቆጥረዋል? «መብት መብት እያላችሁ ወንጀለኛ ታስለቅቃላችሁ» ለሚሉ ሁሉ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ወንጀለኛውን ያስለቀቁት ጉቦ የተቀበለው ፖሊስና ቴርሞሜትሩን ዘለለ የተባለው ሳጅን ናቸው። ሰነድ የደበቀው ቢሮም ከእነርሱ አይለይም።

ለስደተኛው ደግሞ ነገሩ ከቅጣቱ ወረቀት አልፎ ይሄዳል። በቨርጂኒያ የመጀመሪያ ጥፋት ቢያንስ 250 ዶላር መቀጮና የአንድ ዓመት የመንጃ ፈቃድ እገዳ አለው። የደም አልኮሉ 0.15 ከደረሰ ቢያንስ አምስት ቀን፣ ከ0.20 ካለፈ ቢያንስ አሥር ቀን እስር ይጨመርበታል። የከባድ መኪና ፈቃድ፣ ሰዉ ሲዲኤል የሚለውን፣ የያዘ ሰው ትራኩን ሲነዳ ጣሪያው 0.04 ነው። በእረፍት ቀኑ በቤት መኪናው ጠጥቶ ነድቶ ቢፈረድበት እንኳ ትራክ እንዳይነዳ ለአንድ ዓመት ይታገዳል። ሁለተኛው ጥፋት የዕድሜ ልክ እገዳ ያመጣል። ስንት ቤተሰብ በዚህ አንድ ፈቃድ እንደሚተዳደር፣ ስንት ወላጅ አገር ቤት በዚያ ደመወዝ እንደሚጦር ሐበሻው ያውቀዋል።

የኢሚግሬሽኑ ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው። በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጠጥቶ መንዳት በራሱ ለአገር ማስወጣት የሚያበቃ የኃይል ወንጀል አይደለም ብሏል። ያ ውሳኔ ግን ሁሉንም በር አልዘጋም። በ2019 የፌዴራሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በሰጠው ውሳኔ በሕጉ በሚታየው ጊዜ ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ጊዜ በዚህ ጥፋት የተፈረደበት ሰው መልካም ጠባይ እንደሌለው ይገመታል፤ ግምቱን የማፍረስ ሸክሙም የእርሱ ነው። በቪዛ ያለ ሰው ደግሞ ፍርድ ሳይሰጥ በመያዙ ብቻ ቪዛው ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ «ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ቶሎ ጨርስ» የሚል ምክር ለዜጋው የሚያዋጣ ቢመስልም ለግሪን ካርድ ባለቤቱ ግን አደጋ አለው። ከ2010 ጀምሮ ጠበቃ ደንበኛው ጥፋቱን ከማመኑ በፊት ግልጽ የሆነውን የኢሚግሬሽን መዘዝ የመንገር ግዴታ አለበት። ጠበቃው ይህን እንዲናገር ግን ደንበኛው ማን እንደሆነና ምን ወረቀት እንደያዘ መጀመሪያ ሊነግረው ይገባል።

የተያዘ ሾፌር ማድረግ ያለበት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ያ ጥቂቱ በእርጋታ ይደረግ። እጁን መሪው ላይ ያድርግ፤ ወረቀቱን ይስጥ፤ ውረድ ሲባል ይውረድ፤ አይከራከር፤ አይዋሽ። ለመናገር ካልፈለገ ዝም ማለት ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃውም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 በሰጠው ውሳኔ ምክንያት «ያለ ጠበቃ መልስ አልሰጥም» ብሎ በግልጽ መናገሩ ይሻላል። ሰዓቱን ልብ ይበል፤ መቼ ቆመ፣ መቼ ነፋ፣ ማን ሲጠብቀው ነበር። የፖሊሱ የደረት ካሜራ ቅጂና የማሽኑ የፍተሻ መዝገብ እንዲጠየቅለት ለጠበቃው ይንገር። ካሜራው ለሁለቱም ወገን እኩል ምስክር ነው። በትክክል የሠራን ፖሊስ ከሐሰት ክስ ያድናል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቁልፉን አለማንሳት አለ። ሰርግ ላይ ወይም ማኅበር ላይ «አንድ ጨምር» እያሉ የሚቀዱ እጆች ሾፌሩን ሊዘልሉት ይገባል። የቤት ጠጅና አረቄ ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያል፤ ሁለት ብርሌ ማለት ስንት ቢራ እንደሆነ ጠጪው ራሱ አያውቅም። ኡበር እየነዱ የሚኖሩ ሰዎች የበዙበት ማኅበረሰብ ለአንድ ሌሊት ኡበር መጥራት ሊያፍር አይችልም።

ይህ የአሜሪካ ጉዳይ ነው ተብሎ አይታለፍም። አዲስ አበባም በማታ የትንፋሽ መመርመሪያ ይዘው የሚቆሙ ትራፊክ ፖሊሶችን ማየት ከጀመረች ዓመታት ተቆጥረዋል። መሣሪያው መምጣቱ መልካም ነው፤ ፖሊሱ «ሸተተኝ» ከሚለው ቃል ይልቅ ቁጥር ይሻላል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበትን ምክንያት በሚገባው ቋንቋ በአፋጣኝ እንዲነገረው፣ ላለመናገር መብት እንዳለው እንዲያውቅ፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማንኛውንም ማስረጃ የመመልከት መብት ይሰጠዋል። ማስረጃው ማሽን ከሆነ የማሽኑ የፍተሻ ወረቀትም የማስረጃው አካል ነው።

ስለዚህ የመንገድ ትራፊክ ባለሥልጣናት ሊያደርጉት የሚችሉት ግልጽ ነው። እያንዳንዱ የትንፋሽ መሣሪያ መለያ ቁጥር ይኑረው፤ መቼና በማን እንደተፈተሸ የሚያሳይ መዝገብ ይያዝለት። ፍተሻውን የሚያደርገው ክፍል ቅጣት ከሚሰበስበው ክፍል የተለየ ይሁን። ለሾፌሩ የሚሰጠው ወረቀት ላይ የወጣው ቁጥር፣ ሰዓቱ፣ የመሣሪያው መለያና የመጨረሻው የፍተሻ ቀን ይጻፍ። ውጤቱን የሚቃወም ሰው ጤና ተቋም ሄዶ ወዲያው ደሙን የሚያስመረምርበት መንገድ ይከፈትለት። ያልተፈተሸ መሣሪያ በዚያ ምሽት ከመኪናው አይውረድ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደብተርና ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ይበቃል። የመስቀል፣ የገናና የፋሲካ ምሽቶች ቁጥጥር ከመጀመሩ በፊት ይህ መዝገብ ተዘጋጅቶ ለሕዝብ ቢገለጽ፣ ያልጠጣው ሾፌር ሳይሳቀቅ ይነፋል፤ የጠጣውም ችሎት ፊት ሲቀርብ በመሣሪያው ላይ የሚያነሳው ሰበብ አይኖረውም።